ላሚቱ ያልበጠሰችው ገመድ

ወረታ ላይ ሾፌር ሞልቷል። የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ በሚገናኙበት አደባባይ ቆሞ «ሾፌር» ብሎ የተጣራ ሰው ግማሹን ከተማ ያዞረዋል፤ ባለ ባጃጁ፣ ባለ አይሱዙው፣ ሩዝ ጭኖ የሚያዘግመው ባለ ተሳቢው፣ ሁሉም አንገቱን በመስኮት ያወጣል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ግን መሪ ጨብጦ የማያውቅ አንድ ሾፌር አለ። እሱም የቀኝ ጌታ ተክለ ሃይማኖት ልጅ የኋላሸት ነው።

የኋላሸት ሥራውን ለጠየቀው ሁሉ ለማስረዳት ብዙ ደክሟል። ያለ ገመድ፣ በአየር ላይ መልእክት የሚልክ ካርድ ብቻውን በድን ነው። ተነሥ የሚለው፣ ተኛ የሚለው፣ ይህን ይዘህ ሂድ የሚለው አንድ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። ያንን ፕሮግራም ባለሙያዎቹ ሾፌር ይሉታል፤ የኋላሸት የሚጽፈውም እሱን ነው። ይህንኑ አንድ ቀን ለጎረቤቱ ለታደለ፣ ለባጃጅ ነጂው፣ ቢነግረው፣ ታደለ ሆዱን ይዞ ሳቀና እዚያው በቆመበት ግጥም አወጣበት፦

ሾፌር ነኝ ይለናል መሪውን ሳይጨብጥ፣
ካንድ ወንበር ላይ ውሎ ጣቱን ሲያንቀጠቅጥ።

ግጥሙ አደባባዩን ዞሮ ተመለሰ። የኋላሸት አልከፋውም። ቤቱ የሚያምር ግጥም ከሆነ፣ ስድብ ቢሆንም እንኳ ጆሮው ይወደዋል፤ ምክንያቱም ያደገው በዜማ መሐል ነው።

አባቱ በቁሐር ሚካኤል የቀኙን ወገን የሚመሩ ሊቅ ናቸው፤ ቀኝ ጌታ መባላቸውም ለዚሁ ነው። ማኅሌት ሲቆም ሊቃውንቱ ግራና ቀኝ ሆነው ፊት ለፊት ይሰለፋሉ። አንዱ ወገን ያነሣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ዜማው እንደ ታንኳ መቅዘፊያ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እያለ ይሄዳል። ሁለቱም ወገን ባንድነት ያነሡ ዕለት ጫጫታ ይሆናል። ሁለቱም «እናንተ አንሡ፣ ኧረ እናንተ» ተባብለው በትሕትና ዝም ያሉ ዕለት ደግሞ፣ ከዝምታው የተነሣ የርግቦቹ ክንፍ ይሰማል። አባቱ ሁለቱንም ይጠሉ ነበር። «ማን እንደሚቀድም ያልታወቀበት ቤት፣ ቤት አይደለም» ይሉት ነበር ትንሹን ዲያቆን።

ዲያቆኑ አድጎ ባሕር ዳር ሄደ፣ ኮምፒውተር ተማረ፣ ተመልሶም ወረታ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየ። ሕልሙ አንድ ነበር። ክረምት ሲጠና ጉማራ የደጋውን ዝናብ ሁሉ ተሸክሞ ወደ ጣና ሲወርድ፣ በመንገዱ ላይ ያለውን የፎገራን ሜዳ ሐይቅ ያደርገዋል። ሩዝ ውኃ ቢያይ አይደነግጥም፤ ከብት ግን ይደነግጣል፤ ጎተራ ደግሞ እግር የለው። አገሩ የሚያስፈልገው ቀደም ብሎ መስማት ነበር፣ ከብቱን ወደ ከፍታው ለማሻገር የሚበቃ ጊዜ ብቻ። የኋላሸት ከወንዙ ዳር ምሰሶ አቆመ፣ ምሰሶው ላይ ውኃውን የሚለካ ሳጥን ሰቀለ። ሳጥኑ የውኃውን ከፍታ በአየር ይልካል፣ በቀበሌው ጣሪያ ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ ይጮኻል፣ ሰውም ይነሣል።

ምሰሶው የቆመው ቁሐር ውስጥ፣ በአገኘሁሽ መሬት ላይ ነው። አገኘሁሽ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ በየትዳራቸው የወጡላት ሴት ናት፤ ያላት አንዲት ቁራሽ የሩዝ መሬትና ወለላ የምትባል አንዲት የፎገራ ላም ናት። ቦታውን ሲጠይቃት ጉብታውን በጣቷ አሳየችው። «እዚያ ላይ አቁመው፤ ከመሬቴ ደረቁ እሱ ነው» አለችው። ቀጥላም «ውኃው ለእኔ ብቻ አይመጣ» አለች።

ያ ክረምት ገባ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ሰው ከሚካኤል ጠበል ሲመለስ፣ ጉማራ ወጣ። ድምፅ ማጉያው አልጮኸም። ሰው ሁሉ ጆሮውን ለሳጥኑ አደራ ሰጥቶ ስለነበር ወደ ወንዙ ዞር ብሎ ያየ አልነበረም። ውኃው የደረሰው በደጃፍ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልሞተም፤ ጥጆች ግን ሄዱ፣ በታችኛው ሰፈር ያለው ጎተራ ሁሉ ራሰ፣ የገበሬው የአሸናፊ ቀኝ በሬ ተወሰደ። አሸናፊ በሬውን ፍለጋ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ ስሙን እየጠራ ሲያለቅስ ያየ ሰው ዛሬም ሲያወራው ድምፁ ይለወጣል።

በማግስቱ የኋላሸት ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃውን እየቀዘፈ መጣ። መንደሩ ሁሉ ተከተለው። ጉብታው ላይ ሲደርሱ ወለላ ከምሰሶው ታስራ ቆማለች፤ ከሳጥኑ ወደ ውኃ መለኪያው የሚወርደው ገመድ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል።

«ምን ሆኖ ነው ያልጮኸው?» አለ አሸናፊ።

የኋላሸት ገመዱን በጣቱ ያዘ። «ተበጥሷል» አለ።

«ማን በጠሰው?»

ዐይኑ ወደ ላሚቱ ሄደ። ከዐይኑ በኋላ አፉ ሄደ። «ላሚቱ ሳትሆን አትቀርም» አለ።

አገኘሁሽ ከኋላ ሆና «ኧረ እኔ ያሰርኳት ውኃው ቤቴ ከገባ በኋላ ነው፤ ያልራሰ መሬት ሌላ የት አለኝ?» አለች። ይህን ሁሉም ሰምቷል። የኋላሸትም ሰምቷል። ግን ያዘነ ሕዝብ አንድ ነገር ላይ መውደቅ ይፈልጋል፤ ላሚቱ ደግሞ እዚያው ታስራ ቆማ ነበር። «ሳትሆን አትቀርም» የተባለው ነገር ጭቃውን ተሻግሮ መንደር እስኪገባ «ናት» ሆኖ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም ክፋት ብሎ አልጠራውም። የሩዝ አራሚ ሴቶች ግጥም ያወጣሉ፣ ልማዳቸው ነው፤ ወገባቸው ጎብጦ፣ እጃቸው ውኃ ውስጥ ገብቶ፣ ድምፃቸው ብቻ ቀና ብሎ የሚሄድበት ሥራ ነው። መስከረም ላይ ከሜዳው እንዲህ የሚል ተነሣ፦

ሳጥኑ እንዳይነግረን ጉማራ መምጣቱን፣
የአገኘሁሽ ላሚት በላችው ምላሱን።

ዜማው ጣፋጭ ነበር፤ ክፋቱም እሱ ነው። አጫጅ ተቀበለው፣ እረኛ ተቀበለው፣ ሠርግ ላይ ሳይቀር ተጨፈረበት። ጥቅምት ሚካኤል የጽዋው ተራ የአገኘሁሽ ነበር። በየወሩ በዐሥራ ሁለት የማኅበሩ ሰው በተረኛው ቤት ተሰብስቦ ይጸልያል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ተራ የደረሰው ሰው ቤት ያን ቀን ቤተ ክርስቲያን ነው። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪዋ፣ ሰገን የምትባለው፣ ወደ አገኘሁሽ መጥታ በለሰለሰ አንደበት «አንቺ ዘንድሮ ደክመሻል፤ ተራሽን እኛ እናውጣልሽ» አለቻት። አገኘሁሽ «እሺ» አለች። የጠመቀችውን ጠላ ለማን እንደሰጠችው አይታወቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሴ ሲወጣ ሰላምታ ሳትጠብቅ ትሄድ ነበር።

የኋላሸት ይህን ሁሉ ይሰማ ነበር። ያሳዝነው ነበር፤ ግን ላሚቱ ናት ብሎ ያምን ስለነበር ሐዘኑ የደግ ሰው ሐዘን ነበር፤ እንቅልፍ አይነሣም።

ኅዳር ሚካኤል ጥቂት ቀን ሲቀረው ሐሙስ ዕለት፣ ሳጥኑን ደግሞ ሊሰቅለው ሲዘጋጅ፣ ታደለ ለምሳ ሲመለስ ክፍሉ ገባ። ጠረጴዛው ላይ ከምሰሶው ሳጥን ጋር አንድ የሆነ ሌላ ሳጥን አለ፤ የኋላሸት የሚፈትንበት ነው። መለኪያው ባልዲ ውኃ ውስጥ ተነክሯል።

«ይኼ ነው ጉማራ?» አለ ታደለ ባልዲውን እያየ።

«እሱ ነው።»

«እስቲ ልሙላው።» መለኪያውን እንደ ሻይ ቅጠል ባልዲው ውስጥ ነከረው፣ አወጣው፣ ነከረው፣ አወጣው፤ እየፈጠነ ሄደ፣ እያፏጨ። ሳጥኑ አንዴ፣ ሁለቴ ብልጭ አለ። ከዚያ ፀጥ።

ታደለ እጁን ሰበሰበ። «ምን አደረግኋት?»

የኋላሸት የኮምፒውተሩን ቁልፎች ነካካ። ካርዱ አይመልስም። ነቅቷል ተብሎ አይላክበት፣ ተኝቷል ተብሎ አይቀሰቀስ፤ ከሁለቱም መሐል ደርቆ ቀርቷል።

«ኧረ በል ተናገር» አለ ታደለ እየሳቀ። «እዚህ ቤት እንኳ ላም የለም።»

እሱ የተናገረው ለቀልድ ነው። የኋላሸት ግን ያቺ ቃል ከጆሮው አልወጣችለትም።

ታደለ ከሄደ በኋላ የጻፈውን ፕሮግራም ከፍቶ ማንበብ ጀመረ፤ ብዙም አልሄደም። ነገሩ እንዲህ ነው። በሾፌሩ ውስጥ ሁለት ሥራዎች ጎን ለጎን ይሮጣሉ። አንደኛው ላኪ ነው፤ የውኃው ልክ በተለወጠ ቁጥር መልእክት አንሥቶ ለካርዱ ይሰጣል። ሁለተኛው አስተኚ ነው፤ ክረምት ፀሐይ ስለማትገኝና ባትሪው መቆጠብ ስላለበት፣ ለጥቂት ጊዜ መልእክት ሲጠፋ ካርዱን ያስተኛዋል። ውኃው ቀስ ብሎ ሲጨምር ሁለቱ አይገናኙም። ጎርፉ ሲመጣ ግን ልኩ በየቅጽበቱ ይለዋወጣል፤ ላኪው መልእክቱን ሊያስረክብ እጁን በዘረጋበት ቅጽበት አስተኚው መብራቱን ያጠፋል። ሁለት እጅ ባንድ ነገር ላይ ባንድ ጊዜ። የሙያው ሰዎች እሽቅድድም ይሉታል። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ ቁልፍ ይባላል። ቁልፉን የያዘው ብቻ ይነካል፣ ሌላው ይጠብቃል።

የኋላሸት ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አልነበረም። ወንበሩ ላይ እንዳለ ፊቱ የጋለው ለዚህ ነው። ቁልፉን አድርጎበት ነበር።

ሁለት ቁልፍ ነበረው፤ አንዱ የካርዱ፣ አንዱ የመልእክቱ ወረፋ። ላኪው የወረፋውን ቁልፍ ይዞ የካርዱን ይጠብቅ ነበር፤ አስተኚው የካርዱን ይዞ የወረፋውን ይጠብቅ ነበር። ሳጥኑ ሊመረቅ ዋዜማው ላይ ሁለቱ ተገናኙና ተፋጠጡ። አንዱም አይለቅም፣ አንዱም አያልፍም። የኋላሸት ያን ዕለት ስቆ ነበር፤ ቁርጥ የአገሩን ሰው መስለውት ነበር። በር ላይ ተገናኝተው «ይለፉ»፣ «ኧረ እርስዎ ይለፉ» እየተባባሉ፣ ምሳው እስኪቀዘቅዝ ደጅ የሚቆሙ ሁለት እንግዶች። መፍትሔው ሁለቱም ቁልፎቹን ባንድ ዐይነት ቅደም ተከተል እንዲያነሡ ማድረግ ነበር፤ ሁልጊዜ መጀመሪያ የካርዱን፣ ቀጥሎ የወረፋውን። ያ ደግሞ ፕሮግራሙን አገላብጦ መጻፍ ይጠይቃል፤ ነገ ምረቃ ነው፤ ሰው ተጠርቷል፤ ሰንጋ ተጥሏል። አንዱን ቁልፍ ነቅሎ ጣለው። ሳጥኑ ሠራ። በማግስቱ ተጨበጨበለት። ከምረቃው በኋላ እመልሰዋለሁ ብሎ ነበር።

ያን ሐሙስ ተቀምጦ ቁልፎቹን በሥርዓታቸው መለሰ፤ ሲጨርስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። ታደለን ጠርቶ «እስቲ ደግመህ ነክር» አለው። ታደለ ክንዱ እስኪዝል ነከረ፣ አወጣ። ሳጥኑ አልሞተም።

«ይኸው ዳነች» አለ ታደለ። «ምነው ፊትህ የለቅሶ ቤት መሰለ?»

ቀሊል መሆኑ ነበር የገደለው። ከባድ ቢሆን ኖሮ ሰው ይምረው ነበር፣ እሱም ራሱን ይምር ነበር። የአሸናፊ በሬ፣ የአገኘሁሽ ጽዋ፣ ያ ሁሉ ዘፈን፣ ከግማሽ ቀን ሥራ ጋር ነበር የተለዋወጠው።

ዓርብ ቁሐር እሄዳለሁ ብሎ ተነሣ፤ ጫማውን አሰረ፤ ፈታ። ሄዶ ምን ይላል? ማን ይረዳዋል? አባቱስ ከዚህ በኋላ በቀኝ ቆመው እንዴት ያነሣሉ? እንዲህ እያለ ቀኑን ገፋው። ሐዘን ሲበዛበት እንደ ልማዱ ስንኝ ይመጣለታል፤ መጣለት፦

እውነት በቀኝ ቆማ ኀፍረትም በግራዬ፣
ማንም ሳያነሣው ዝም አለ ዜማዬ።

ስንኙ አማረው። ወዲያው ደግሞ ስላማረው አፈረ። ሰው እየተበደለ እሱ ቤት ይመታል።

ቅዳሜ፣ የወረታ ገበያ ቀን፣ በሩ ተንኳኳ። «ቤቶች» የሚለው የአባቱ ድምፅ ነው። ከፈተ። ቀኝ ጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ከጎናቸው የመንደሩ ሽማግሌ አቶ ቻላቸው አሉ። ከኋላቸው አገኘሁሽ፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ማጅራቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማለች። ከደጅ ወለላ በታደለ ባጃጅ ብረት ታስራለች፤ ታደለም «እታለም፣ ባጃጄን ይዛብኝ ገበያ እንዳትሄድ አደራ» ሲል ይሰማል።

«ይግቡ አባዬ። ይቀመጡ።»

«አንቀመጥም» አሉ አባቱ። «የመጣንበትን ሳትሰጠን አንቀመጥም። እኔም ዛሬ አባትህ ሆኜ አልመጣሁም፤ ሽማግሌ ሆኜ ነው።»

«አባዬ...»

«አታቋርጠኝ። አገኘሁሽ በድላሃለች። ላሟ ዕቃህን አበላሽታ፣ የደከምክበትን ነገር አገር እንዲያማው አድርጋለች። ላሚቱን ዛሬ ሸጣ ሳጥንህን ላሠራለት ብላለች። ነገ ኅዳር ሚካኤል ነው። አንተ ይቅር ካልካት አገሩም ይቅር ይላታል፤ ጽዋዋም ይመለስላታል። ሴት ልጅ ድንጋይ አትሸከምም ብለናት ነበር፤ እንቢ አለች።»

የኋላሸት «ይቅር ለእግዚአብሔር» ቢል ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር። ድንጋዩ ይወርዳል፣ ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ፣ ጽዋው ይመለሳል፣ የእሱንም ነገር ማንም አያውቅም። እስከ ጥርሱ ድረስ መጥቶ ነበር።

«ድንጋዩ ከብዷታል ልጄ» አሉ አቶ ቻላቸው።

«ያውርዱት እቴ አገኘሁሽ» አለ የኋላሸት።

«ይቅር ሳትለኝ አላወርድም» አለች፣ ዐይኗን ከመሬት ሳታነሣ።

«እኔ ይቅር የምለው የለኝም።»

አቶ ቻላቸው ትንፋሻቸውን ሳቡ። የቀኝ ጌታ ፊት ጠቆረ። «ምን ያለ አንጀት ነው?» አሉ። «እኔ ነኝ አንተን የወለድሁ? በዳዊት ነው ያሳደግሁህ ወይስ በምን? ሽማግሌ ቆሞ፣ ሴት ድንጋይ ተሸክማ፣ ይቅርታ የለኝም ትላለህ?»

«አልበደሉኝም ማለቴ ነው!» አለ የኋላሸት። «ላሚቱ አይደለችም። ገመዱን የበጠሰው ጎርፉ ነው የሚሆነው፤ ባይበጠስም ሳጥኑ አይጮኽም ነበር። ሳጥኑ ዝም ያለው እኔ የጻፍሁት ስሕተት ስለሆነ ነው።»

ስለ ካርዱ፣ ስለ ላኪው፣ ስለ ወረፋው ማስረዳት ጀመረ፤ ቃላቱ ከአፉ ሲወጡ ማን እንደሚሰማቸው አያውቁም ነበር። አቶ ቻላቸው ወደ ቀኝ ጌታ አዩ። ቀኝ ጌታ ግን ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ዜማ የተሳሳተ ሰው ሲሰሙ እንደሚያደርጉት ያዳምጡ ነበር።

«ቆይ» አሉ። «ግራና ቀኝ ባንድ ጊዜ አነሡ ነው የምትለኝ?»

«አዎ አባዬ።»

«ማን እንደሚቀድም ሥርዓት አልሠራህላቸውም?»

«ሠርቼላቸው ነበር።»

«እና?»

«ነቀልሁት። ምረቃው ደርሶ ነበር።»

ቀኝ ጌታ መቋሚያቸውን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወሩ፤ ከዚያ በኋላ ዐይናቸው ልጃቸው ላይ አላረፈም።

አገኘሁሽ ድንጋዩን በሁለት እጇ ከማጅራቷ አወረደችና ጠረጴዛው ላይ፣ ከሳጥኑ አጠገብ፣ በቀስታ አስቀመጠችው። ቀና አለች። ወገቧን ያዘች።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ሐሙስ።»

«ዛሬ ምንድን ነው?»

«ቅዳሜ።»

«ትናንት አጫጆቹ በደጄ ሲያልፉ ያንን ዘፈን ዘፍነውታል» አለች። አልጮኸችም። «በሸንበቆው አጥር ተከልዬ ተቀምጬ ነበር፣ ቢያልፉልኝ ብዬ። ትናንት አንተ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

ተንበርክኮ እግሯን ሊይዝ ሲል ወደ ኋላ ሸሸች። «ተነሥ። እዚህ አራት ግድግዳ መሐል ምን ያደርግልኛል? እኔ የተሰደብሁት ሜዳ ላይ ነው።» ወደ ደጅ ወጣች፤ የወለላን ገመድ ስትፈታ ታደለ አገዛት። ገበያውን ጀርባዋን ሰጥታው ላሚቱን ወደ ቁሐር መለሰች።

ቀኝ ጌታ በር ላይ ሲደርሱ ሳይዞሩ «ነገ ከቅዳሴ በኋላ ትናገራለህ» አሉ። «እኔ አልናገርልህም።»

በማግስቱ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሞልቶ ነበር። ታቦቱ ገብቶ፣ እልልታው በርዶ፣ ሰው በየዛፉ ጥላ ሲበተን አቶ ቻላቸው እጃቸውን አንሥተው «አንድ ጊዜ፣ የቀኝ ጌታ ልጅ ቃል አለው» አሉ። የኋላሸት ወደ መሐል ገባ። ሲመጣ በመንገዱ ሁሉ ያሰናዳው ያማረ ንግግር ነበረው፤ ሰዉን ሲያይ ሸሸው። ደግነቱ ሸሸው። የቀረለት እንዲህ የሚል ብቻ ነበር፦ «በነሐሴ ሳጥኑ ዝም ያለው በእኔ ጥፋት ነው። ሥራዬን ለምረቃ ብዬ ቸኩዬ አበላሸሁት። የእቴ አገኘሁሽ ላም ምንም አላደረገችም። ላሚቱን ያሰሩት ውኃው ከገባ በኋላ ነው፤ ያን ቀን ነግረውናል፤ እኔም ሰምቻለሁ። ካወቅሁ በኋላም ወዲያው አልተናገርሁም።»

ከሰዉ መሐል አሸናፊ ወጣ፤ የበሬው ባለቤት። ቀስ ብሎ መጥቶ ፊት ለፊቱ ቆመ።

«የእኔን በሬ ላም ገደለችብኝ ብዬ ነበር የማዝነው» አለ። «አሁን ማን ገደለብኝ ልበል? ችኮላ ነው ልበል?»

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። አሸናፊ አልሳቀም።

«እኔን በል» አለ የኋላሸት።

«እልሃለሁ» አለ አሸናፊ። «እንዳልል መስሎህ ነበር?» ትቶት ሄደ።

የኋላሸት አባቱን በዐይኑ ፈለገ። ቀኝ ጌታ ከሊቃውንቱ ጋር በቀኝ በኩል ቆመዋል፤ ጥምጣማቸው ወደ መሬት አጎንብሷል። ቀና ብለው አላዩትም፣ ግን አልሄዱምም። እስኪያልቅ ድረስ እዚያው ቆሙ፤ እንዲያ መቆማቸው ለእሱ ከስድብ ይበልጥ ከበደው።

ከሴቶቹ በኩል ሰገን፣ የማኅበሩ ሙሴ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች ወደ አገኘሁሽ ሄደች። በለሰለሰው አንደበቷ አልነበረም የመጣችው፤ አንደበቷ ተሳስሮ ነበር። «እኅቴ» አለች፤ ደግሞ «እኅቴ» አለች። «የዛሬው ጽዋ ማናዬ ቤት ነው። አንቺ ከፊት ትቀመጫለሽ። የታኅሣሡን ደግሞ...»

«የታኅሣሡ የእኔ ነው» አለች አገኘሁሽ። «ተራዬን ማንም አያወጣልኝም።»

«ያንቺ ነው» አለች ሰገን፣ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ እየሸፈነች።

የኋላሸት ወደ አገኘሁሽ ተጠጋ። አጠገቧ ሲደርስ ድንጋይ አልያዘም፣ ሽማግሌም የለውም፤ ባዶ እጁን ምን እንደሚያደርገው አላወቀም። «ይቅር ይበሉኝ» አለ።

በአገኘሁሽ ዐይን ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይቀለው ነበር። «ዛሬ እዚህ የመጣው ሰው ሰምቶሃል» አለች። «ያልመጣ አለ። አልጋ የያዘ አለ፣ ከብት የሚጠብቅ አለ፣ አራስ አለች። ወሬው እነሱ ዘንድ የደረሰው በእግሩ ሄዶ ነው። አንተም በእግርህ ሂድ።»

«እሄዳለሁ።»

«ጨርሰህ ስትመለስ ያኔ ጠይቀኝ። ምን እንደምልህ እኔም ገና አላውቅም።» ከሴቶቹ ጋር ሄደች፤ ሰገን ከጎኗ፣ ማናዬ ከፊቷ፣ መሐል አድርገዋት።

ከግቢው ሲወጣ ሜዳው ግማሹ ታጭዷል፣ ግማሹ ገና ወርቅ ለብሶ ቆሟል። የመጀመሪያው ቤት ከመንገዱ በታች ያለው የደብሬ ቤት ነው፤ አራስ ናት፣ ከቤት ከወጣች ሰንብታለች። በአጥሩ በኩል ሕፃኗን እያባበለች የምታዜመው ተሰማው፤ ዜማው ያው የላሚቱ ነው። ግጥሙን እንዳይለይ ጆሮውን ያዘ፤ ቆይቶ እጁን አወረደ። ሊሰማው ይገባ ነበር። እሾሁን ገፍቶ ግቢው ገባና ከደጃፉ ቆመ።

«ቤቶች» አለ።

«ማን ነው?» አለች ደብሬ ከውስጥ።

«የኋላሸት ነኝ» አለ። «የምነግርሽ ነገር አለኝ።»